የቄራዋን ልጅ ማን አስቀራት?

ይህን ለመጻፍ አንዲት ሴት እስኪያርፉ ጠብቄአለሁ። ሞታቸውን ተመኝቼ አይደለም፤ ደግ ሰው ነበሩ። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነገሩ ከአፌ ቢወጣ ግን ልባቸው ይሰበር ነበር። እኔ ዝም በማለቴ ደግሞ የእኔ ስም ጠፍቶ ኖረ። ባለፈው ክረምት አረፉ። ከለቅሶው በኋላ ልጃቸው ሐያት እጄን ይዛ፣ “እትዬ ጥሩ፣ ከእንግዲህ ከፈለጉ ይናገሩ” አለችኝ። እፈልጋለሁ። ስለዚህ እናገራለሁ።

ሙሉ ስሜ ጥሩወርቅ ነው። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ካዛንቺስ፣ ስሙን የማልጠራው አንድ ተቋም ውስጥ ነው። ክፍላችን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ወጪያቸው ተሸፍኖ ለስድስት ወርም ለዓመትም ወደ ውጭ የሚልክ ነበር። ሰው ሲሰማው ወረቀት ማገላበጥ ይመስለዋል። ወረቀቱ ትንሹ ነው። ዋናው ሥራ ሰውን ማዘጋጀት ነው፤ የሚያውቀውን በቀላሉ እንዲናገር፣ የማያውቀውን አላውቅም እንዲል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እስኪሄድ ድረስ አፉን እንዲዘጋ።

ዛሬ ያ ሥራ የለም ማለት ይቻላል። ልጆቹ ማመልከቻቸውን ስልካቸው ይጽፍላቸዋል። የሁሉም ያምራል፣ የሁሉም አንድ ነው። ሕንፃውም ከሰፈሩ ጋር ፈርሷል። ካዛንቺስ ሲፈርስ ያለቀሱ ጎረቤቶች ነበሩኝ፤ አብሬያቸው አልቅሻለሁ። ለዚያ ሕንፃ ግን አንድ ዘለላ እንባ አልወጣኝም።

የጀመርኩት ለገሃር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ በነበረው ቢሯችን ነው፤ ታይፒስት ሆኜ። አለቃዬ ጠዋት ጋዜጣ የሚያነብ፣ ከሰዓት ጥርሱን የሚፍቅ ሰው ነበር። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ያኔም የሚወራ አልነበረም። ካዛንቺስ የተዛወርኩት ጋሽ ወርቅነህ የሚባሉ የክፍሉ ኃላፊ፣ “ስትጽፍ የማታወራ ልጅ ስጡኝ” ብለው ጠይቀው ነው። የማላወራው ማንንም ስለማላምን መሆኑ በኋላ ገባቸው። ወደዱልኝ።

ጋሽ ወርቅነህ ተማሪ ሲያዘጋጁ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚያዳምጡት። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና መንገዱን እያዩ፣ “በል ጀምር፤ ምንድን ነው የምታጠናው?” ይላሉ። ፊት ያታልላል፣ ድምፅ ግን ሲዋሽ ይቀጥናል የሚል እምነት ነበራቸው። ተማሪው “እንደሚታወቀው” ብሎ ከጀመረ በቁልፋቸው መስተዋቱን ኳ ያደርጉታል።

“ማን ነው የሚያውቀው? እኔ አላውቅም። ለእኔ ንገረኝ።”

ለምን ትመለሳለህ ሲባል “ሀገሬን ስለምወድ” ያለ ተማሪ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሸኛል። “ኤምባሲው ይህን በየቀኑ ይሰማል። አንተን፣ አንተን ብቻ፣ የሚጠብቅህ ምንድን ነው? እሱን አስበህ ተመለስ” ይሉታል። ደግሞም፣ “መልስህን ስትጨርስ ዝም በል። ዝምታውን ጠያቂው ይሙላው። ሰው የሚወድቀው በመልሱ ሳይሆን መልሱ ላይ በሚጨምረው ነው” ይሉ ነበር። እኔ ከዚህ ሰው የተማርኩትን ያህል ከየትኛውም ትምህርት ቤት አልተማርኩም።

የተማሪ ስም ኮሪደር ላይ አይጠሩም። በሰፈራቸው ነበር የሚጠሯቸው። “ላንቻ መጣ? ጉለሌ ፓስፖርቱ ወጣለት?” ሰው የውጭ ጉዞውን ለምን እንደሚደብቅ ለአዲስ አበባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሳይሆን የተወራ ነገር አይሆንም። ዓይን አለ፣ ምቀኛ አለ፣ አንድ ስልክ ደውሎ የዓመት ልፋት ገደል የሚከት ዘመድ አለ። ስለዚህ ለሁሉም የሚሰጡት የመጨረሻ ትእዛዝ አንድ ነበር፦ “አውሮፕላኑ እስኪነሣ ድረስ፣ ማንም ቢጠይቅ የትም አትሄድም። ቤተሰብህም እንደዚያ ይበል።” እሳቸው ሲሄዱ ያቺን ትእዛዝ እኔ ተረከብኩ። ስንቱን ከምቀኛ እንዳዳነች እኔ አውቃለሁ።

ጋሽ ወርቅነህ ጡረታ ሲወጡ ወንበሩ የእኔ እንደሚሆን የማይጠብቅ አልነበረም። የተሾመው ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ዶክተር አምኃ የሚባል ሰው ነው። በጽሑፍ አንቱ ልለው ሞክሬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በሩን ዘግቶ ስልክ የሚያወራ፣ ከኤምባሲ ሠራተኞች ጋር ምሳ የሚበላ፣ ማን ምን እንዳለው የማትደርሱበት ሰው ነበር። አንድ ጊዜ ለክፍሉ ሠራተኞች የውጭ ሥልጠና ዕድል መጣ። እኔ ስጠብቅ ራሱ ሄደበት። ሲመለስ ቸኮሌት አመጣልኝ። ለጥበቃው ሰጠሁት።

ሐያት የመጣችው በእሱ ዘመን ነው።

የቄራ ልጅ ናት። አባቷ በልጅነቷ ሞተዋል። እናቷ ወይዘሮ ዘይነባ ከቤታቸው ደጃፍ ባለች ጠባብ ሱቅ እህልና ቅመም እየሸጡ አሳደጓት። የማስተርስ ጥናቷ በቆጮ ላይ ነበር፦ ጉድጓድ ውስጥ ከተቀበረው ቆጮ አንዱ በደንብ ሲብላላ ሌላው ለምን ይበላሻል? ይህን የሚወስኑትን ጥቃቅን ነገሮች ለይቶ የሚያሳይ መሣሪያ እዚህ አላገኘችም። አውሮፓ ያለ አንድ ቤተ ሙከራ ወጪዋን ችሎ ለዘጠኝ ወር ሊቀበላት ተስማማ። ቦታው የሚጠብቃት ግን እስከ መስከረም መጨረሻ ብቻ ነው። እስከዚያ ካልደረሰች ለተጠባባቂው ይተላለፋል።

ተጠባባቂው ሲሳይ ይባላል። የዶክተር አምኃ የወንድም ልጅ ነው። እንግዲህ ፍረዱኝ።

ልጅቷን ራሴ ያዝኳት። እንደ አስተማሪዬ ጀርባዬን ሰጥቻት ተቀመጥኩ።

“ለምን ትመለሻለሽ?”

“ማለቴ… እትዬ ጥሩ፣ እናቴ አለች አይደል? በቃ፣ እናቴ…”

መስተዋቱን ኳ አደረግኩት። “እናት የሌለው ማን አለ?”

“አክስቴ ጓሮ፣ ገጠር፣ ቆጮ ቀብሬአለሁ” አለች። “ብዙ ጉድጓድ ነው። ስመለስ ነው የሚከፈቱት። የትኛው የቱ እንደሆነ ከእኔ ሌላ የሚያውቅ የለም። ካልከፈትኳቸው ደግሞ አክስቴ ትገድለኛለች፤ ጓሮዋን በሙሉ ይዤባታለሁ።”

ወንበሬን አዙሬ አየኋት። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የተሻለ መልስ አልሰማሁም። ይህን አልነገርኳትም። “ጫማሽ ይጮኻል፤ ለኤምባሲው ሌላ አድርጊ” አልኳት።

የኤምባሲ ጥያቄዋን ጨርሳ ስትወጣ በር ላይ እየጠበቅኳት ነበር። ሳቋ አልቆም አላት። ጠያቂዋ ስለ አክስቷ ስትሰማ ስቃለች አሉ። እኔን ግን ከጠያቂዋ መሳቅ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ከዚያ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ዶክተር አምኃ በሩን ከፈት አድርጎ፣ “የቄራዋን ልጅ ማኅደር አምጪልኝ እስቲ” ብሎኝ ነበር። እስከ ማግሥቱ አልመለሰውም። እሱ የተማሪ ማኅደር አንብቦ አያውቅም።

መልሱ በሳምንቱ መጣ። ተከልክላለች። ምክንያት ተብሎ የተጻፈው የጉዞው ዓላማ አላሳመነንም የሚል ብቻ ነው። ሐያት ፓስፖርቷን በፌስታል ይዛ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። አላለቀሰችም። “ምን አጠፋሁ እትዬ? የቱ ጋ ነው ያበላሸሁት?” ትለኛለች ደጋግማ። አንድም ቦታ አላበላሸችም። አንድ ሰው አበላሽቶባት ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም።

በሩን ሳላንኳኳ ገባሁበት።

“ደስ አለዎት?”

“ምን ማለትሽ ነው ወይዘሮ ጥሩወርቅ?”

“የሚገባዎት ይገባዎታል። ሲሳይ ልብሱን ይሸክፍ ብዬ ነው።”

መነጽሩን አወለቀ። “ማኅደሩ ከማንም በላይ አንቺ እጅ ነበር እኮ” አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ጥፋቱን ወደ እኔ ሊያዞር መሆኑ ገባኝ። በሩን አላግቼበት ወጣሁ።

በማግሥቱ ወደ ቄራ ወረድኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር ለቅሶ ባይሆንም ሰው ቤቱ ተሄዶ ይጽናናል። ወይዘሮ ዘይነባን ከዚያ ቀደም አላውቃቸውም ነበር። ትልቅ ሴት ናቸው፣ ድምፃቸው ጎርናና፤ ስመው ስመው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ሐያት ሻይ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። እኔም ያደረብኝን ጥርጣሬ ለእናትየው ተናገርኩ፦ አለቃዬ መሆኑን፣ የወንድሙን ልጅ ሊያስገባ መሆኑን።

“አላህ የሥራውን ይስጠው!” አሉ ደረታቸውን እየመቱ። “እኔም እኮ ጠርጥሬአለሁ እታለም። እዚህም አስደውሎ ነበር!”

“የት አስደወለ?”

“እዚሁ ነዋ፣ በእኔ ስልክ! አንድ ሰውዬ ነው። ኮልታፋ አማርኛ ነው የሚያወራው። ‘የሐያት እናት ነዎት?’ ይለኛል። የማን ሐያት? አልኩት። ‘ልጅዎ ለትምህርት ወደ ውጭ ትሄዳለች?’ አለኝ። አየሽ ተንኮሉን? ልጅም የለኝ፣ የምትሄድም የለኝ አልኩት። ‘ታዲያ ይሄ ስልክ የማን ነው?’ ሲለኝ፣ የሽንኩርት ሱቅ ነው ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት!” ሳቁ። “ልጄ ‘እማዬ፣ ለማንም፣ ማንም ቢጠይቅሽ’ ብላ አስጠንቅቃኛለች። ወላሂ ለገዛ እህቴ አልተነፈስኩም። ለማላውቀው ሰው ልናገር? እኔ ሞኝ ነኝ?”

የደወለው የዶክተሩ ሰው አልነበረም። ኤምባሲው አንዳንድ ጊዜ ተማሪ በሰጠው የቤተሰብ ስልክ ደውሎ ያጣራል። ብዙ ጊዜ አያደርገውም፤ ሲያደርገው ደግሞ ቀድሞ አይናገርም። ጋሽ ወርቅነህ ትእዛዛቸውን ሲያወጡ ይህ አሠራር አልነበረም።

ቀና ስል ሐያት የሻይ ትሪውን እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች። እናትየው ዞር ብለው አይተዋት፣ “አልነገርኩሽም እንጂ ልጄ፣ እንዲህ አድርጌ መለስኩልሽ” አሏት።

ሐያት ትሪውን አስቀመጠች። ጎንበስ ብላ የእናቷን ግንባር ሳመች።

“ጎበዝ እማዬ” አለች። “ጎበዝ።”

ስትሸኘኝ ከቤቱ ራቅ እስክንል አላወራንም። ከዚያ ክንዷን ያዝኳት። “ስሚ፣ ይስተካከላል። እናትሽን ነገ ጠዋት ይዘን እንሄዳለን። ‘ልጄ ናት፣ ፈርቼ ነው የካድኳት’ ይበሉ፤ የማውቀው ሰው አለ፣ እንደገና ያዩልናል። ገና ጊዜ አለን።”

“አይሆንም እትዬ።”

“እንዴት አይሆንም? ዕድሉ የሲሳይ ይሆናል እኮ!”

“ይሁን። ምን ብዬ ልውሰዳት? ያስቀረሽኝ አንቺ ነሽ ልበላት? እርስዎ አያውቋትም። እኔን ለማስተማር እዚያች ሱቅ ውስጥ እግሯ እስኪያብጥ ቆማለች። ይህን ካወቀች፣ ብሄድም ባልሄድም፣ ከዚያ ቀን በኋላ ቀና ብላ አታየኝም። በቃ፣ አውቃታለሁ።”

“ሳታውቅ የምንሄድበት መንገድ እንፈልጋለን።”

“ምን ብለን? እሷ እኮ ሞኝ አይደለችም፤ ኤምባሲ በር ላይ ስትደርስ ይገባታል።” ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። “ዶክተሩ ነው ይባል። እሷም እንደዚያ ብላለች። ይማሉልኝ እትዬ፣ እማዬ በሕይወት እያለች ለማንም እንዳይናገሩ።”

ሌላ ሰው ቢሆን ይከራከራት ነበር። እኔም ተከራክሬአታለሁ፤ እስከ ታክሲው ድረስ፣ ታክሲው ሞልቶ እስኪሄድ፣ ሌላው እስኪመጣ። የልጅቷ ሥራ፣ ያ ሁሉ ልፋት! አልተበገረችም። በመጨረሻ ማልኩላት። ዶክተር አምኃ ባልሠራው መጠርጠሩ አላሳዘነኝም፤ የሠራው ሌላ ብዙ አለ።

መስከረም አለቀ። ቦታው ለሲሳይ ተላለፈ። አዘጋጅው ተባልኩ፣ አዘጋጀሁት፤ ሥራዬ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው ስሰማ “እንደሚታወቀው” ሳይል አንድ ዓረፍተ ነገር አልጨረሰም። የቤት ስልኩን ከማስመዝገቤ በፊት ግን አባቱን ቢሮ ጠራሁና፣ “ኤምባሲ ነኝ የሚል ሰው ከደወለ እውነቱን ይንገሩ” አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ ያዘጋጀሁትን ተማሪ ሁሉ ቤተሰብ እንዲያ ነበር የማስጠነቅቀው። ሲሳይ ሄደ። አልተመለሰም። ሐያት ጥናቷን እዚሁ ባለው መሣሪያ ጨረሰች። ጉድጓዶቹን ከፈተች፣ የምትችለውን ያህል ጻፈች። ያ ቤተ ሙከራ ሁለተኛ አልጠራትም።

ከዚያ በኋላ ነው የቢሮው አየር የተለወጠብኝ። መጀመሪያ የማኅደር ሣጥኑን ቁልፍ ተቀበሉኝ። ቀጥሎ “ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል” ተብሎ ምድር ቤት ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። የምሳ ክፍል ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዲት የማቀርባት ልጅ ስለ ታናሽ እህቷ የትምህርት ዕድል ስታወራ እኔን ስታይ ደንግጣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። አለቃዬን ፊት ለፊት ስለተናገርኩት የተቀጣሁ መስሎኝ ነበር። እንደ ክብርም ቆጥሬዋለሁ። የጡረታ ዕድሜዬ እስኪደርስ ድረስ ከዶክተር አምኃ ጋር ከአንገት ሰላምታ በስተቀር አልተለዋወጥንም።

የሽኝቴ ቀን ሐያት እናቷን ይዛ መጣች። ወይዘሮ ዘይነባ የክት ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ዶክተር አምኃ ንግግር ሲያደርግ እንዳይሰሙት ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አድርገው ነበር። ጋቢ አለበሱኝ። ተጨበጨበ። ሰው ምግብ ሊያነሣ ሲነሣ ሰውየው የለስላሳ ብርጭቆውን ይዞ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሸብቷል።

“ከመለያየታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለኝ።

“ይጠይቁ።”

“የቄራዋን ልጅ ለምን እንደዚያ አደረግሽባት?”

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። “ምን አደረግኳት?”

“ተይ እንግዲህ፣ ያለፈ ነገር ነው። ያኔ ኤምባሲ የማውቀውን ሰው ጠይቄው ነበር። ‘ለማጣራት ስንደውል አንዲት ትልቅ ሴት እንዲህ የምትባል ልጅ የለችም፣ የትም አትሄድም ብላ ዘጋችብን’ አለኝ። እኔ እስከማውቀው የሚደውሉት ለቢሮ ነው። ስልኩን የምታነሺው አንቺ ነበርሽ።” ብርጭቆውን አስቀመጠ። “ሲሳይ ተጠባባቂ ስለነበር አፌን ሞልቼ ልከስሽ አልቻልኩም። ሰው ራሱን ሊያድን ነው ይለኛል። ለበላዮቹ ብቻ ነገርኳቸው። አንቺ ሳትሄጂ ቀርተሽ እነሱ ሲሄዱ… ይገባኛል። ሰው ነን።”

ኤምባሲ ያለውን ሰው ያኔ ለምን ጠየቀው? ማኅደሩን አንድ ቀን ሙሉ ለምን አሳደረው? ይህን እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ፤ እሱ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም። ያን ዕለት ግን ከእነዚህ አንዱም አፌ ላይ አልመጣም። አንድ ቃል ብቻ ነበር ያለኝ። “እናቷ ናቸው” ብል ያ ሁሉ ዓመት፣ መዝገብ ቤቱ፣ የሚቋረጠው ወሬ፣ ቦርሳ ውስጥ የተደበቀው ወረቀት፣ ሁሉም ይታጠባል። ቀና አልኩ። ወይዘሮ ዘይነባ ከእኛ ሦስት ወንበር ርቀው፣ ሐያት የያዘችላቸውን ሳህን እየተቀበሉ ይስቃሉ። ጆሯቸው ጥሩ ነበር።

“ምን ላድርግ” አልኩት። “ሰው ነኝ።”

ራሱን ነቀነቀ። እንደ ልጅ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። “እኔ ይቅር ብዬሻለሁ” አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ ከልቡ።

ተነሥቶ ሲሄድ ወይዘሮ ዘይነባ በዓይናቸው ጠሩኝ። “ምን ይልሻል ያ ክፉ ሰው?”

“ደህና ሁኚ ነው ያለኝ” አልኳቸው።

የሠራብኝን ብዙውን ነገር በጊዜ ብዛት ትቼለታለሁ። ይቅር ማለቱን ግን አልተውለትም።